ትርጉም የት ይገኛል?

በአርሲ ደጋ፣ በሁሩታ አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ አዳማ ለሚማር ልጁ «ስንዴው ደርሷልና ቶሎ ና» የሚል መልእክት ላከ እንበል። አዝመራው ለአጨዳ በቅቷል ማለቱ ነውን? ወይስ የተገዛው ዘር ተጭኖ መጥቷል ማለቱ ነው? ነገሩ አጨዳ ሆኖ ልጁ ቢዘገይ፣ ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብ የዓመቱን ድካም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ የጽሑፍን ትርጉም መመርመር ለፈተና ብቻ የሚያገለግል ዕውቀት አይደለም።

አንዱ የምርመራ መንገድ ሰዋስው ነው። ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ቋንቋን ከድምፅ እስከ ዐረፍተ ነገር ድረስ አብራርተዋል። ይህ መንገድ ብዙ ይጠቅመናል። በመልእክቱ ውስጥ የመጀመሪያው «ና» ምክንያትን የሚያያይዝ፣ የመጨረሻው «ና» ግን የትእዛዝ ግስ መሆኑን የምንለየው በሰዋስው ነው። ይሁን እንጂ ስንዴው ቢበስልም ሆነ ተጭኖ ቢመጣ፣ ባለቤቱ «ስንዴው»፣ ግሱም «ደርሷል» ነው። ሰዋስው እዚህ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው መንገድ የዐረፍተ ነገሮችን ትስስር ይመለከታል። ማይክል ሃሊዴይና ሩቃያ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት መጽሐፍ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። አባትየው «ማጭዱም ተስሏል» ብሎ ቢጨምር ጥርጣሬው ይወገዳል። ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደ ጻፈ ይጠይቃል። መልእክቱ በኅዳር የተላከ እንደሆነ ወሬው የአጨዳ፣ በሰኔ የተላከ እንደሆነ የዘር መሆኑ ይገመታል።

«ሁኔታን ከተከተልን እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ትርጉም ይፈጥራል» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የቅኔ ሊቃውንታችን በአንድ ቃል ሰምና ወርቅ ሲያገኙ እንዳሻቸው አይፈቱም፤ ወርቁ ከኅብረ ቃሉ መውጣትና ከቅኔው ሐሳብ ጋር መስማማት አለበት። እኛም እንዲሁ ማድረግ ይገባናል።

በእኔ አስተያየት ሦስቱ መንገዶች ተደጋጋፊዎች እንጂ ተቃራኒዎች አይደሉም። በሰዋስው እንጀምር፤ በትስስሩ እናጣራ፤ በሁኔታው እናመዛዝን። ለምንሰጠው ትርጉም ሁሉ ከጽሑፉ ማስረጃ እናቅርብ። ጸሐፊ በምንሆንበትም ጊዜ አንባቢያችን እንዳይሳሳት አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመጨመር አንስነፍ።