ለተጎጂው የማይነገረው ሁለት ዓመት፦ በመቀሌ ለፍርድ ቤት፣ ለሆስፒታልና ለትራፊክ ፖሊስ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የአካል ጉዳት ካሳ ክስ በኢትዮጵያ ሕግ ዕድሜው አጭር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2143 ተጎጂው ጉዳት ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያዛል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ብቻ ካሳውም በረዥሙ ጊዜ ይጠየቃል። መቀሌ ውስጥ ባጃጅ የገጨው ወይም በቀዶ ሕክምና ስህተት የተጎዳ ሰው ጠበቃ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ድንገተኛ ክፍል ይተኛል፣ ለፖሊስ ቃሉን ይሰጣል፣ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ቀኑ እየተቆጠረ መሆኑን የመንገር ግዴታዬ ነው ብሎ የሚነሳ የለም። ይህ ደብዳቤ የሚነቅፈው ይህን ዝምታ ነው።

የመኪና አደጋና የሕክምና ጉዳት ፍርድ ቤት ሲደርሱ አንድ ዓይነት ክስ አይደሉም። በመኪና አደጋ የተሽከርካሪው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም በቁጥር 2081 ኃላፊ ነው፤ ያሽከረክር የነበረው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም። ለተጎጂው የሚቀረው መኪናው ጉዳት ማድረሱንና የጉዳቱን መጠን ማስረዳት ነው። በዓዲ ሐቂ ገበያ አካባቢም ሆነ በአላጀ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው ፕላን ትልቅ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

የታካሚው ሸክም ይከብዳል። ሐኪም ካልዳንክ እከፍልሃለሁ ብሎ የሚገባው ዋስትና የለም፤ በጽሑፍ ቃል ካልገባ በቀር ከእርሱ የሚጠበቀው የሙያው ጥንቃቄ እንጂ ፈውስ አይደለም። ቁጥር 2031 በሳይንስ ከታወቀውና በሙያው ከተለመደው ደንብ አንጻር ግዴታውን አለማወቁ በግልጽ የሚታይ ቸልተኝነት መኖሩ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ሆስፒታሉም በቁጥር 2651 መሠረት ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ይጠየቃል። ማረጋገጫው ያለው ግን ተጎጂው እጅ አይደለም። የካርዱ ቅጠሎች፣ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ የማደንዘዣው መቆጣጠሪያ ቅጽ፣ ነርሷ በየሰዓቱ የመዘገበችው የደም ግፊት ሁሉ ተከሳሽ በሚሆነው ተቋም መዝገብ ቤት ይቀመጣሉ። ቤተሰቡ ሲጠይቅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ አይሰጥም የሚል መልስ ከተሰጠው ክብ ውስጥ ይገባል፤ ካርዱን ሳያይ ክስ መጻፍ አይችልም፣ ክስ ሳይኖር ደግሞ ትእዛዝ አይገኝም። ሆስፒታሎች ታካሚው ሲጠይቅ የካርዱን ሙሉ ቅጂ በማኅተም ቢሰጡ ጥፋት የሌለባቸውን ሐኪሞችም ይጠቅማል፤ በጭምጭምታ ላይ የቆመ ክስ ገና ሳይጀመር ይቀራልና።

ከዚህ የማይተናነስ ጉዳት የሚያደርሰው ቆይ የሚለው ምክር ነው። ተጎጂው የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ ወይም የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አስተያየቱን እስኪሰጥ እንዲጠብቅ ይነገረዋል። ሕጉ እንዲህ አይልም። በቁጥር 2149 መሠረት የወንጀል ችሎት ተከሳሹን በነጻ ማሰናበቱ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስርም፤ ሹፌሩ ወይም ሐኪሙ ከእስር ነጻ ወጥቶ ካሳ ሊከፍል ይችላል። ለኮሚቴ የቀረበ አቤቱታም በፍርድ ቤት የተመሠረተ ክስ ስላልሆነ ይርጋውን አያቋርጥም። የኮሚቴውን አስተያየት ክሱን መሥርቶ በዳኛ ትእዛዝ ማስቀረብ ይቻላል።

ገንዘቡን በተመለከተ ተስፋውም ፍርሃቱም ልክ ያጣል። መርሁ በቁጥር 2091 ላይ ያለው ነው፤ ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚያገኝ የ30 ዓመት ግንበኛ እግሩ ተጎድቶ የሐኪሞች ቦርድ የ40 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ቢወስንለት፣ በወር የሚያጣው 2,400 ብር፣ በዓመት 28,800 ብር ነው፤ እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ከተባለ 864,000 ብር ይደርሳል። ዳኛው ከዚህ ሊቀንስ ይችላል፤ ገቢው በሰነድ ካልተረጋገጠም በቁጥር 2102 በርትዕ ይወስናል። ስለዚህ የቀን ሠራተኛ የአሠሪውን ምስክርነትና የክፍያ ወረቀት ከመጀመሪያው መያዝ አለበት። ለሥቃዩና ለኀዘኑ የሚሰጠው የሞራል ካሳ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። ልጁን ለቀበረ አባት ይህን መጠን መንገር ለዳኛውም የሚያሳፍር ነው፤ ማስተካከል ያለበት ግን ሕግ አውጪው ነው።

በመኪና አደጋ ኢንሹራንስ ቀድሞ ይደርሳል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳትም እስከ 40,000 ብር ወስኖ፣ ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳ ሰው የመድን ፈንድ እንዲከፍል አድርጓል። የግንበኛው ስሌት ከዚህ ጋር ሲተያይ የመድኑ ገንዘብ የሙሉ ካሳው ቁራጭ መሆኑ ይታያል፤ ቀሪው ከባለቤቱ ይጠየቃል። አደጋ የሚሆነው ሽምግልናው ነው። የባለመኪናው ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ሆስፒታል ይመጣሉ፣ የሕክምናውን ወጪ እንሸፍን ይላሉ፣ ቤተሰቡም አጥንቱ መግጠሙ ሳይታወቅ ይፈርማል። በሕጉ እርቅ የመጨረሻ ፍርድ ያህል ያስራል። ሽምግልና ክቡር ነገር ነው፤ የሐኪሞች ቦርድ ሳይወስን የሚፈረም ስምምነት ግን መቅረት አለበት፤ ፖሊስም እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዞ ፋይል መዝጋት የለበትም።

የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያልቻለ ሰው የድህነቱን ማስረጃ አቅርቦ በደሃ ደንብ ሊከስ ይችላል፤ ሬጅስትራሩ ይህን ሳይጠየቅ ይንገር። ዓይደር ሆስፒታል የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ተቋም ስለሆነ በእርሱ ላይ የሚቀርብ ክስ የፌዴራሉን ዳኝነት በውክልና ለሚሠራው የክልል ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዶ ሥልጣን የለንም ተብሎ የሚመለስ ተጎጂ የሚያጣው ጊዜ ነው፤ ያውም ከሁለቱ ዓመት ላይ።

ትግራይ ውስጥ ይህ ጊዜ ሌላ ቦታ የሌለ ትርጉም አለው። ጦርነቱ ጥቅምት 2013 ተጀምሮ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 2015 ነው፤ ልክ የይርጋውን ያህል። በጦርነቱ ዋዜማ የተጎዳ ሰው ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ ሆስፒታሎች መድኃኒት አጥተው ሳለ ቀኑ አለቀበት። በሕጉ ይርጋን ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳውም። ስለዚህ መፍትሔው ከተከሳሾች፣ በተለይም ከመንግሥት ተቋማትና ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይጀምራል፤ ለእነዚያ ዓመታት ይርጋን መከላከያ አድርገው እንዳያቀርቡ ለነገረ ፈጆቻቸው በጽሑፍ ይዘዙ። መከላከያው ከቀረበም ፍርድ ቤቶች ተጎጂው በእነዚያ ወራት መዝገብ ቤት መድረስ ይችል እንደነበር መርምረው፣ ምክንያቱንም ጽፈው ይወስኑ።