ሰሌዳው ርካሽ ነው፤ ቻርጀሩስ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጃችን ደወለና «ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ልትመጣ ነው፤ አንድ ራስበሪ ፓይ አምጪልኝ ልላት ነው፤ የቱን ልበላት?» አለን። እኛም እንደ አዋቂ ጉሮሯችንን ጠራረግን። አንዳችን «አምስተኛውን ነዋ!» አለ። ሌላዋ «ኧረ በፍጹም፣ ዜሮው ይበቃዋል» አለች። ሦስተኛው ዝም አለ። ዝም ያለበትን ምክንያት በኋላ እንመጣበታለን። ለማንኛውም ክርክሩ በስልክ አላለቀም፤ ወዳጃችንም ካርድ አልቆበት ይሁን ሰልችቶት አናውቅም፣ ተዘጋ። ይህን የምንጽፈው እንግዲህ ለእሱም፣ ተመሳሳዩን ለምትጠይቁን ለሌሎቻችሁም ነው።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ፦ የኤቲኤም ካርድ የምታክል አንዲት ሰሌዳ ናት። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ የዩኤስቢው ቀዳዳ፣ የስክሪኑ መሰኪያ ሁሉም እዚያችው ላይ ተለጥፏል። ኪቦርድ የለ፣ ስክሪን የለ፣ ሃርድ ዲስክ የለ፣ ሳጥን እንኳን የለ። ዝነኛዋ ራስበሪ ፓይ ገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2012 ነበር፤ ዋጋዋም 35 ዶላር። ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ ካምብሪጅ ሆነው ያሳሰባቸው ነገር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱ ልጆች ቁጥር መቀነሱና የሚመጡትም ልጆች ከቀደሙት ያነሰ ልምድ ይዘው መምጣታቸው ነበር። ስለዚህ ልጅ ቢሰብረው የማይለቀስለት ኮምፒውተር እንሥራ አሉ። ከዚያ በኋላ ተከታዮቹ መጡ፦ ኦሬንጅ ፓይ፣ ባናና ፓይ… ስማቸውን ብቻ የሚሰማ ሰው አትክልት ተራ የገባ ይመስለዋል።

«የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ግን እኛ እንደሚመስለን ከጅምሩ የተጣመመ ነው። ሰው መጀመሪያ ሰሌዳውን ይመርጥና ከዚያ «ምን ልሥራበት?» ብሎ ያስባል። ቀሚስ ገዝቶ ሙሽራ እንደ መፈለግ ነው። እኛም እንዲሁ ነበርን፤ ለዚያ ነው አፋችንን ሞልተን የምንናገረው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በወረቀት ላይ ያለው ዋጋና ከኪስ የሚወጣው ዋጋ ተገናኝተውም አያውቁ። ራስበሪ ፓይ 5 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ባለ 4 ጊጋ ራሙ 60 ዶላር ተባለ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የሜሞሪ ቺፕ ዋጋ በዓለም ገበያ ስለተሰቀለ ኩባንያው በበርካታ ሞዴሎች ላይ ጭማሪ አደረገ። በእኛ በኩል ያለውን ታውቁታላችሁ፦ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር፣ በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻግሯል። ለካምብሪጅ ልጅ መጫወቻ ይሁን የተባለው ዕቃ፣ እዚህ ለአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዙን የሚጎርድ ሆኗል። ስለዚህ «ርካሽ» የሚለውን ቃል ስንሰማ እጃችንን ኪሳችን ላይ ማድረግ አለብን።

ሰሌዳው ደግሞ ገና መጀመሪያው ነው። ለፓይ 5 የሚመከረው ቻርጀር በ5 ቮልት 5 አምፒር የሚሰጥ ነው። «የስልኬ ፈጣን ቻርጀር 65 ዋት ነው፣ ምን ቸገረኝ?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች ያን ሁሉ ዋት የሚሰጡት ቮልቱን ወደ 9፣ ወደ 15፣ ወደ 20 ከፍ እያደረጉ ነው፤ 5 ቮልት ላይ አብዛኞቹ 3 አምፒር ላይ ይቆማሉ። ሰሌዳው በ3 አምፒር ይነሳል፣ አዎ፤ ነገር ግን ለአራቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በጠቅላላ 600 ሚሊአምፒር ብቻ ይለቃል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስትሰኩበት ጭራሽ ላይነሳ ወይም መሀል ላይ ሊጠፋባችሁ ይችላል። እናንተ ሃርድ ዲስኩ የተበላሸ መስሏችሁ መርካቶ ትሮጣላችሁ። ጥፋተኛው ግን ቻርጀሩ ነው።

ኬብሉም አለ። በአራትና በአምስት ላይ ያለው የስክሪን መሰኪያ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ዜሮ ላይ ያለው ሚኒ ነው፤ ቤታችሁ ያለው የቴሌቪዥን ኬብል ደግሞ ትልቁ ነው። ይህችን ትንሽ ኬብል ፍለጋ መገናኛ አካባቢ ስንት ሱቅ እንደገባን ብንነግራችሁ ታዝኑልናላችሁ። (አንዱ ባለሱቅ «ይሄ የካሜራ ነው፣ ሂሳቡ ይለያል» ብሎን ነበር። ካሜራ የያዘ ሰው የተለየ ሰው ነው እንዴ?) አምስተኛው በዚያ ላይ ስለሚሞቅ ማራገቢያ ይፈልጋል። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ደግሞ የለውም። ሁሉንም ስትደምሩት ሰሌዳው ከሒሳቡ ግማሽ ቢሆን ነው።

አሁን ዝም ስላለው ጓደኛችን።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ሦስታችን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ሰሌዳ ገዛን። የማን ሥሪት እንደሆነ አንነግራችሁም፤ ከራስበሪው ይረክሳል፣ ራሙ ደግሞ እጥፍ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ራስበሪ የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው የሚያስብል ነበር። ዓላማችን የቤት ማኅደር መሥራት ነበር፦ ፊልሙ፣ ፎቶው፣ መጽሐፉ አንድ ቦታ ይቀመጥና ሁሉም በዋይፋይ ያየዋል። የጓደኛችን አያት፣ ሁላችንም እማማ እያልን የምንጠራቸው፣ ያን ጊዜ ታመው ነበር። እሱም አጠገባቸው ተቀምጦ በስልኩ ድምፃቸውን ይቀዳ ነበር፤ ትውልድ ሲቆጥሩ፣ ሠርጋቸውን ሲያወሩ፣ አባታቸው ጣሊያን ሲመጣ እንዴት ጫካ እንደገቡ ሲተርኩ። አራት ሰዓት ይሆናል። ስልኩ ሲሞላበት ወደ ሰሌዳው ገለበጠና ከስልኩ አጠፋው።

አንድ ምሽት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ። ጠዋት ሰሌዳው አልነሳም። ሜሞሪ ካርዱን አውጥተን ላፕቶፕ ላይ ብንሰካው «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀን። ምክንያቱን ቆይተን ነው የተረዳነው፦ ሜሞሪ ካርድ ላይ እየተጻፈ እያለ መብራት ከተቋረጠ ግማሽ የተጻፈው ነገር የፋይሉን መዝገብ ይዞት ሊጠፋ ይችላል። ካርዱ ራሱ ርካሽ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ይሞታል። አዲስ ካርድ ገዝተን ሲስተሙን እንደገና እንጫን ብንል፣ ሠሪው የለቀቀው የመጨረሻ ፋይል ሁለት ዓመት ያለፈው ሆኖ አገኘነው። የምንጠይቀው ሰውም አላገኘንም፤ እኛ የገጠመን ነገር የገጠመው ቢኖርም የጻፈው በቻይንኛ ነበር።

እማማ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዐረፉ። ከአራቱ ሰዓት የተረፈው ጓደኛችን ጅዳ ላለችው አክስቱ በቴሌግራም የላከው 11 ደቂቃ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የሰሌዳው ብቻ ነው አንልም። ከስልኩ ማጥፋታችን፣ ሁለተኛ ቅጂ አለማስቀመጣችን የራሳችን ነው። ግን ያን ቀን የገባን ነገር አለ፦ በ35 እና በ25 ዶላር መካከል ያለውን ልዩነት ስናሰላ፣ የምናስቀምጥበትን ነገር ዋጋ አላሰላንም።

እናም አቋማችን ይኸው። ፋይል ለማስቀመጥ ከሆነ ሰሌዳ አትግዙ። ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ፈልጉ፤ የናንተ ቤት ከሌለ የአጎታችሁ ቤት ቁም ሳጥን ላይ አለ። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው። መብራት አራት ጊዜ ሄዶ ቢመጣ እሱ አያውቅም። ኪቦርዱ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ዋይፋዩ አብሮት ነው። ሊኑክስ ጫኑበት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አስተኙት፣ አለቀ። ሃርድ ዲስኩ አርጅቶ ከሆነ ብቻ ቀይሩት፤ ሁለተኛ ቅጂም ሌላ ቦታ አስቀምጡ። «መብራት ይበላል» የሚል ካለ እናስላው፦ ከሰሌዳው ይልቅ 10 ዋት ቢጨምር፣ ቀንና ሌሊት ሠርቶ በወር 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ባትሪው ያበጠ ከሆነ አትሞክሩት፤ እሳት ነው።

ይሄን ስንል «እናንተ ለቴክኖሎጂ ፍቅር የላችሁም» የሚለን አይጠፋም። አለን እንጂ! ሮቶውን ጠይቁት።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ማንም ሳይሰማ ይሄዳል። ከመካከላችን የአንዷ እናት ለዓመታት በየሌሊቱ እየተነሱ ሮቶውን በእጃቸው እያንኳኩ «እዚህ ደርሷል» ይሉ ነበር። ልጃቸው ለዚህ ራስበሪ ፓይ ልትገዛ ስትል የከለከልናት እኛ ነን። ለዚህ ሥራ ሊኑክስ ምን ያደርጋል? ኢኤስፒ32 የምትባል የጥቂት ዶላር ሰሌዳ አለች፤ ቺፑን የሠራው ኤስፕሬሲፍ የተባለ የሻንጋይ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣች። ዋይፋይ አላት፣ አንድ ፕሮግራም ብቻ ትሠራለች፣ መብራት ቢሄድባት ቅር አይላትም፤ ሲመጣ ወዲያው ፕሮግራሟን እንደ አዲስ ትጀምራለች። የሮቶው ክዳን ላይ በድምፅ ርቀት የሚለካ፣ ውሃ የማይገባው ሴንሰር ገጠምን። (ሴንሰሩ ከ20 ሴንቲሜትር በታች ያለውን ርቀት በትክክል ስለማይለካ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። እኛ ይህን ሳናውቅ ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ «ባዶ ነው» ሲለን ከርሟል።) አሁን ውሃው መሙላት ሲጀምር ስልካቸው ይጮኻል። እናትዬው ግን ዛሬም አንዳንዴ ተነስተው ያንኳኳሉ፤ «ማሽን ምን ይታመናል» ይላሉ። እኛ ይህን ከእኛ በላይ የተማሩት ይመስለናል።

ታዲያ ራስበሪ ፓይ መቼ ነው የሚገዛው? ልጅ ፕሮግራም ለማስተማር፣ በፒኖቹ መብራት ለማብራት፣ ካሜራ ለመግጠም፣ ወይም ለአንድ ሠፈር ልጆች ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ለመሥራት ከሆነ እሰየው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ደስ ይለናል። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ አንድ ካርድ ላይ ይገባል። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ስላለው ቦታም አይይዝ። (ያ ሌላ ሐዘን ነው፤ ሌላ ቀን እንጽፍበታለን።) ካርዱ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ መብራት ቢሄድም የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ቢሞትም እንደገና ይጫናል እንጂ የማንም አያት አትጠፋም።

ለዚህ ሁሉ አምስተኛው አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2021 በ15 ዶላር የወጣው ዜሮ 2 ደብልዩ ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ብሮውዘር ከፍታችሁ ፌስቡክ ልታዩበት ከሆነ ያበሳጫችኋል፤ ተቀምጦ አንድ ሥራ እንዲሠራ ከሆነ ግን ይበቃል። ሥራ ሲፈታ አንድ ዋት እንኳን ላይደርስ ይችላል፤ ስለዚህ 10 ሺህ ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ አንድ ቀን ያህል ያቆየዋል። ፓወር ባንኩ ግን እየተሞላ እያለ የሚሰጥ ዓይነት መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ አንዳንዱ መብራት ሲመጣ ለቅጽበት ያቋርጥና ያጠፋባችኋል።

«ለምን ራስበሪ? ሌሎቹ በተመሳሳይ ዋጋ የተሻለ ራም ይሰጣሉ» ለሚል፣ እውነት ነው፣ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹም ጥሩ ናቸው። ነገር ግን በ2012 የተሸጠችው የመጀመሪያዋ ራስበሪ ዛሬም አዲሱን ሲስተም ትቀበላለች፤ ሌላው ሁሉ ይቅርና ይህችን ብቻ ብላችሁ አስቡት። የግድ ሌላ ካላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት አርምቢያን የሚባለው ሲስተም ያንን ሞዴል ይደግፍ እንደሆነ እዩ። ካልደገፈ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩት።

ይህን ሁሉ ለወዳጃችን ነገርነው። ዜሮ 2 ደብልዩ፣ ፒኑ የተበየደለት፤ ከነቻርጀሩ፤ ከነሚኒ ኤችዲኤምአይው፤ ስሙ ከታወቀ ኩባንያ ሁለት ካርድ፤ ሁሉም ከዚያው ይመጣ አልነው። የአሜሪካ ሶኬት መሆኑን አትርሳ፣ መቀየሪያው ግን እዚህ በየሱቁ አለ አልነው። ትንሽ ቆይቶ መልእክት ላከ፦ «እህቴ ሻንጣዬ ሞልቷል አለች። ባትሪው ደህና የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፣ እሱን ይዤ ልምጣ?»

ቅዳሜ ከሰዓት ና ብለነዋል።