ጥቂቱ ይበቃል

አንባቢዬ ሆይ፤ አሮጌ መኪና ገዝተህ ሞተሩን ካስፈታህ፥ ሲሊኮኑ በሚቀባበት ሰዓት ከጋራዡ አትራቅ። ባለፈው ዓመት ወንድሜና እኔ «ይጥበቅ» ብለን የኮፓውን ከንፈር እንደ ቅቤ ለቀለቅነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውስጥ ገባ፤ ኋላም እየተቆረሰ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ደፈነው። ሞተሩ ዘይት አጥቶ ቀጥ አለ፤ የስድስት ወር ቁጠባችንም አብሮ ሄደ።

ስለዚህ ምክሬን ስማ። በመጀመሪያ አሮጌው ጓርኒሲዮን ብረቱ ሳይጫር ይነሣ፤ ቅባቱም ፈጽሞ ይጠረግ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን፥ የፋብሪካው መጽሐፍ ካላዘዘ በቀር፥ እንዲያው በደረቁ ይቀመጣል። ለኮፓው 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው አንድ መስመር ይበቃል። ሲሊኮን የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ነውና አንድ ቀን ሙሉ ታገሠው። ቤንዚን ወደሚነካው ወደ ካርቡራተር ግን ተራ ሲሊኮን አታስጠጋ፤ ያብጥና ይላላል።

ቮልስዋገን ቢትልን፥ እኛ «ቮልስ» የምንላትን፥ ተመልከት፤ የሞተሯ አካል ሁለት ግማሾች የሚገጣጠሙት ያለ ጓርኒሲዮን፥ በስስ ማጣበቂያ ብቻ ነው። ብረት ከብረት በደንብ ከገጠመ፥ ማጣበቂያው የሚሞላው ዓይን የማያየውን ቀዳዳ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራልና፥ ከቱቦው ቢተርፍህ አትዘን።