ኳሱ ቢቆምስ? ከአቡበከር ናስር እስከ ቦንጋ ሜዳ

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አቡበከር ናስር በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ 29 ጎል አገባ። ከሱ በፊት የነበረው የፕሪሚየር ሊግ ሪከርድ የጌታነህ ከበደ 25 ነበር። በ2014 ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዘዋወረ። ከዛስ? ጉዳት፣ እንደገና ጉዳት። ያ ሁሉ ሰው የጠበቀው አጥቂ ብዙ ጊዜውን ከሜዳ ውጪ አሳለፈ።

ይህ የደረሰው ጫፍ ላይ በወጣ ልጅ ነው። ቦንጋ ላይ ኳስ የሚያንከባልለውስ? የቡና መገኛ ነን ብንልም ካፋ ቡናን ያየነው በከፍተኛ ሊግ ነው፣ ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ። ወጣሁ ያለ ክለብም ቢሆን ዋስትና የለውም። ጎረቤታችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ባደገበት ዓመት ዋንጫ በላ፤ በ2014 ወረደ።

አሜሪካኖች «ፉትቦል» የሚሉት በእጅ የሚወረወረውን ጨዋታ ነው፤ ማጥቃቱን የሚመራው ልጅ ኳርተርባክ ይባላል። ፕሮፌሽናል ከመሆኑ በፊት ለዩኒቨርሲቲ ይጫወታል፣ ተማሪ ሆኖ። ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ በስሙና በምስሉ ገንዘብ እንዲሠራ፣ በ2025 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲከፍለው ተፈቀደ። ትምህርቱ ለስም ብቻ ነው የሚል ወቀሳም አለበት፤ አናሞካሸውም። ግን ጉልበቱ የተጎዳ ቀን ቢያንስ የጀመረው ትምህርት አለ።

እኛ ጋ ግን ልጁ 11ኛ ወይ 12ኛ ክፍል ላይ ይመርጣል፦ ደብተር ወይ ታኬታ። ታኬታውን ሲመርጥ «ሰነፍ ነው» ማለት ይቀላል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ግን አንርሳ። ይህን አይቶ ኳሱ ይሻለኛል ቢል እንዴት እንፈርዳለን? (እኛም ዲግሪ የለንም፣ ስለዚህ ከላይ ሆነን እየመከርን አይደለም።)

ችግሩ ምርጫው ላይ ሳይሆን አንዱን ሲይዝ ሌላው መዘጋቱ ላይ ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ነው። ክለብ ልጅ ሲያስፈርም ውሉ ላይ አንድ መስመር ቢጨምር ምን ይጎድልበታል? የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ክፍያ፣ 12ኛን ላላለፈ ደግሞ ድጋሚ መፈተኛና ማጥኛ ጊዜ። ልምምድ ቀን ነው፣ ማታ ነፃ ነው። ከፊርማ ገንዘብ አንፃር ወጪው ትንሽ ነው።

ክለብ ውስጥ ያላችሁ ልጆች፣ ውላችሁ ላይ ስለ ትምህርት የሚል ነገር አለ? ስለ ጉዳትስ? ጻፉልን፣ ስማችሁን አናወጣም።