ላፕቶፕ ከመምረጣችን በፊት ሥራችንን እንቁጠር

በአሁኑ ጊዜ በዶርምም ሆነ በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ የሚወራው ስለ ላፕቶፕ ነው። «ዴል ይሻላል ኤችፒ? ስንት ራም አለው?» ሲባል ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሳይመንቱም የትምህርት ዕቅዱም ተተይቦ ሲቀርብ ይወደዳልና። ይሁን እንጂ እኛ ከቡለን የመጣን ዕጩ መምህራን አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። ገንዘቡ የሚመጣው ከወላጆቻችን ነው። ላፕቶፕ ማለት ለእኛ የተሸጠ በሬ፣ ከጎተራ የወጣ በቆሎና ዳጉሳ ማለት ነው። ስለሆነም ምርጫው የጌጥ ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው።

ዋጋው ለምን እንደናረ ይታወቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በዚህ ምክንያት አብዛኞቻችን የምናማትረው ወደ ያገለገለው ነው። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳይመረምሩ መግዛት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ታዲያ ሥራችን ምንድን ነው? ጽሑፍ መጻፍ፣ የትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀት፣ የማርክ ሰንጠረዥ መሥራት፣ በፒዲኤፍ የተላከ መጽሐፍ ማንበብ ነው። ለዚህ ውድ የግራፊክስ ካርድ ምን ያደርግልናል? 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይበቃናል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው ይዘገያል፤ መውደቅና መንገጫገጭም ይጎዳዋል። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

ሁለተኛው ዕድሜው ነው። «ኮር አይ 5 ነው» ስለተባለ ብቻ እጅ መንሻ የለብንም። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጄኔሬሽኑን ይናገራል፤ 6300 ቢል 6ኛ፣ 8250 ቢል 8ኛ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በመሠረቱ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ከዚያ በታች የሆነውን የሚገዛ ሰው ይህን አውቆ ይግዛ፤ ወይም በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ለመጠቀም ይዘጋጅ።

ሦስተኛው ባትሪው ነው። ሻጩ የሚያሳየን ቻርጀሩን ሰክቶ ነው። ኧረ ይነቀል እንበል! ባትሪው 50 ዋት-ሰዓት ቢይዝና ማሽኑ 10 ዋት ቢበላ 5 ሰዓት ይሠራል፤ አርጅቶ ግማሹን ብቻ የሚይዝ ከሆነ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ እያጫወትን ከመቶ ስንት እንደወረደ እንይ። መብራት በሄደ ምሽት የሚያስፈልገን ይኸው ነው።

አራተኛው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በሌላ ማሽንም ይነበባል፤ በድሮ ፎንት የተጻፈ ግን ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። እዚያው ሻጩ ፊት በአማርኛ ጽፈን እንሞክረው።

በመጨረሻም ተመርቀን የምንመለሰው ወደ ቡለንና ወደ ገጠር ቀበሌዎቿ መሆኑን አንርሳ። ጠጋኝ በየቀበሌው አይገኝም። ለቢሮ ሥራ ተብለው የተሠሩት ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክና ቲንክፓድ የሚመከሩት መልካቸው አምሮ ሳይሆን ጠንከር ስለሚሉና ብዙዎቹ በብሎን ተፈተው ስለሚጠገኑ ነው።

ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማሽን የግድ ነው ወይ? እ.ኤ.አ. በ2008 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዕቅድ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ላፕቶፖች በአገራችን ለተማሪዎች ታድለው ነበር። ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበሉ፣ በፀሐይ ብርሃን የሚነበቡ ነበሩ። ነገር ግን መምህራኑ በቂ ሥልጠና ሳያገኙ ስለታደሉ በየክፍሉ ለትምህርት የዋሉት እምብዛም ነው። ጉድለቱ የማሽን ማነስ አልነበረም።

ስለዚህ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው፦ አራት ሠልጣኞች አራት ደካማ ላፕቶፕ ከሚገዙ በጋራ ሁለት ደህና ይግዙ። «አሳይመንት በሚያስረክቡበት ሳምንት ማን ይቅደም? ስንመረቅስ ማን ይውሰደው?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ያጣላል። ስለዚህ ገና ሳይገዛ ተራውና የእያንዳንዱ ድርሻ በወረቀት ላይ ይስፈር። በምረቃ ጊዜ ማሽኑን የሚወስደው ሰው ለጓደኛው ድርሻውን በዕለቱ ገበያ ይክፈል። የየራሳችን ጽሑፍ ደግሞ በየራሳችን ፍላሽ ይቀመጥ።

ውድ መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የኮምፒዩተር ክፍሉ በምሽትና ቅዳሜ ቢከፈትልን፣ የየትምህርቱ አሳይመንት ማስረከቢያ በአንድ ሳምንት ባይደራረብ፣ በእጅ ተጽፎ የቀረበ የትምህርት ዕቅድም በይዘቱ ቢመዘን፣ መግዛት ያልቻለው ወንድማችንና እህታችን ወደ ኋላ አይቀሩም። መግዛት አለመቻል የስንፍና ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የአባቶቻችንን በሬ ከማሸጣችን በፊት በየዶርሙ ተሰብስበን እንምከር እንላለን።