ሴባስቶፖልን መጎተት የጀማሪ ሥራ አይደለም

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ወጣት የመጀመሪያ ሐሳቡ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋት ከከተማዋ አጠገብ ነውና ምኞቱ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ከምኞቱ የሚከተለው ነው። ፈረስ፣ ጎራዴ፣ ካባ፣ ሠራዊት ይቆጠራል፤ ወጪው ሰማይ ይነካል፤ ከዚያም ወይ የአባት በሬ ተሸጦ ካሜራ ይከራዩበታል፣ ወይ «ረዳት አጣን» ተብሎ ድርሰቱ ከሣጥን ይገባል። ይህን ጀግንነት ብሎ የሚያወድስ ሞልቷል። እኔ ጥፋት እለዋለሁ።

በ1860 ዓ.ም. ያ መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል፤ ጎታቹም ሠራዊት ነበር። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ግን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974 የቀረጸው በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በአብዛኛው ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች ነው። ታሪኩም የአንድ ባለመሬትና የጭሰኞቹ ነው። ይኸው ሰው ስሙ ከገነነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘውን «ጤዛ»ን ለመጨረስ 14 ዓመት ያህል ደክሟል። ሰፊው ሸራ ለእርሱ እንኳ ይህን ያህል ካስከፈለ፣ ሦስት ጓደኞችና አንድ የእጅ ስልክ ያለው ጀማሪ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

«ቴዎድሮስን አልተውም» የሚል ካለ አይተው። ነገር ግን ንጉሡን ማሳየት ምን ግድ አለ? መድፉ ሊፈተን ዋዜማ፣ በአንድ ጎጆ ውስጥ ባልና ሚስት ይበቃሉ። ባልየው ከእቶን ሥር ሲለፋ የዋለ ነው፤ ነገ መድፉ ቢሰነጠቅ ምን እንደሚደርስበት አያውቅም። ሠራዊቱ ከደጅ በድምፅ ብቻ ይሰማል። አልባሳቱ ሁለት ጋቢ፣ ቦታው አንድ ምድጃ ነው። በቴአትር መድረክ በዚህ ዘዴ ስንሠራ ኖረናል፤ በፊልም ሲሆን እንደ ድህነት የሚቆጠርበት ምክንያት አይገባኝም።

ከሁሉ በላይ ድምፅ ይታሰብ። የቤተ ልሔም ድጓና የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ባለበት ሀገር ጆሮ ዳኛ ነው፤ ተመልካቹ የደበዘዘ ሥዕል ይታገሣል፣ ያልተሰማ ቃል ግን አይታገሥም። የጉና ነፋስ ማይክሮፎን አያስተርፍምና ንግግር ያለበት ክፍል ነፋሱ ሳይነሣ፣ በካብ ጥግ ይቀረጽ። በክረምት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቅረጽ ዝናብን ዋና ተዋናይ ማድረግ ነው፤ ሣር ክዳን ይመረጥ። ሁለተኛ ስልክ ከተናጋሪው ደረት አጠገብ ተደብቆ ድምፅ ቢቀዳ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ቢጨበጨብ፣ ሥዕሉና ድምፁ በኋላ በቀላሉ ይገጥማሉ። ጎጆው ከጨለመ ተዋናዩን ወደ በሩ ማስጠጋት፣ በፊቱም ነጭ አቡጀዲ ወጥሮ ብርሃኑን መመለስ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ «ሕዝቡ ይተባበረናል» የሚሉት። የፋርጣ ገበሬ በእርሻ ወራት አንድ ቀን ሲቆም የሚያጣውን ያውቃል። ስለ ጭሰኛ በደል ፊልም እየሠሩ ገበሬን በነጻ ማዋል ባለመሬቱን በካሜራ መመለስ ነው። የቀን ዋጋው ከካሜራው ኪራይ አስቀድሞ ይጻፍ። ያ ካልተቻለ፣ ድርሰቱ ውስጥ ካሉት አምስት ሰዎች ሦስቱ ይሰረዙ።