አዲስ ሲዲኤል የያዘ ሹፌር መጀመሪያ ማን ጋር ይቀጠር?

«ሲዲኤል አወጣሁ፣ የት ልግባ?» ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ሲደርሰን ከርሟል፤ ከዳላስም፣ ከዴንቨርም፣ ከሚኒያፖሊስም። ሰሞኑን የደረሰን ግን ቁርጥ ያለ ነው። አንድ ወንድማችን ሁለት አማራጭ ይዞ ጽፎልናል። አንዱ በሺህ የሚቆጠር ትራክ ያለው ትልቅ ካምፓኒ ነው፤ ለሳምንታት ከአሰልጣኝ ጋር አስቀምጦ እስኪጨርስ ድረስ ትንሽ ነው የሚከፍለው። ሌላው አምስት ትራክ ያለው የአገራችን ሰው ነው፤ «ስልጠና ምናምን የለም፣ ሰኞ ና ቁልፉን ውሰድ፣ በሳምንት 1,300 ዶላር በ1099» ብሎታል። ልጁ የትምህርት ቤት ብድር አለበት። አገር ቤትም እጁን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለው። ስለዚህ ሰኞ መጀመሩ ያጓጓዋል፤ ማንን አያጓጓም?

የእኛን ሐሳብ አስቀድመን እንናገር። ለመጀመሪያው ዓመት ወደ ትልቁ ይሂድ እንላለን። ትልቁ ካምፓኒ ደግ ስለሆነ አይደለም፤ እሱም የራሱ ጉድ አለው፣ እንመጣበታለን።

መጀመሪያ ወቅቱን እንይ። በወረርሽኙ ጊዜ ሎድ እንደ ልብ ነበር፤ ሲዲኤል ያለው ሁሉ ሥራ ያገኝ ነበር። ከ2022 ጀምሮ ግን የጭነት ዋጋ ወረደ። በ2023 የበጋ ወር የሎው የተባለው አንጋፋ ካምፓኒ ሲዘጋ ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አጣ፤ ከእነሱ ውስጥ ዓመታት የነዱ ሹፌሮች ይገኙበታል። አዲሱ ሹፌር የሚወዳደረው ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጋር ጭምር ነው።

በዚህ ላይ የ2025 ደንቦች መጡ። ከጁን 25, 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ሲቆም ከተቆጣጣሪው ጋር በእንግሊዝኛ መግባባት ያቃተው ወይም የመንገድ ምልክት ማንበብ ያልቻለ ሹፌር እዚያው ከሥራ ውጪ ይደረጋል። ሕጉ ድሮም ነበረ፤ አዲሱ ነገር ቅጣቱ ነው። በሴፕቴምበር ወር ደግሞ ኖን ዶሚሳይልድ የሚባለውን ሲዲኤል የሚመለከት አስቸኳይ ደንብ ወጣ፤ በሥራ ፈቃድ ብቻ ያሉ ጥገኝነት ጠያቂዎችን፣ ስደተኞችንና ቲፒኤስ ያላቸውን የሚያስቀር ነበር። በኖቬምበር የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለጊዜው አገደው፤ ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለውን አይነካም። በሥራ ፈቃድ ያላችሁ ግን ለትምህርት ቤት ብር ከመክፈላችሁ በፊት የስቴታችሁን ዲኤምቪ ዛሬ ምን እንደሚል ጠይቁ። ትምህርት ቤቱን አይደለም፤ እሱማ ብሩን ይፈልጋል።

ታዲያ የመጀመሪያው ቀጣሪ ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል? የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ ስለሚከተላችሁ ነው። ፒኤስፒ የሚባለው የፌዴራል ሪፖርት የአምስት ዓመት አደጋና የሦስት ዓመት ፍተሻ ይዞ ይቀመጣል። ቀጣዩ ካምፓኒ ሲቀጥራችሁ አውጥቶ ያያል። ብዙ ኢንሹራንሶች የሁለት ዓመት ልምድ የሌለው ሹፌር አንቀበልም ይላሉ፤ አነስተኛ ካምፓኒዎች አዲስ ሰው የማይወስዱት በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። አምስት ትራክ ያለው ሰው ትናንት ሲዲኤል ያወጣን ልጅ ሰኞ ና ካለው፣ ኢንሹራንሱ ስሙን ያውቀዋል ወይ? ስማችሁ ፖሊሲው ላይ ከሌለ አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንሱ ሊከራከር ይችላል፤ ጣጣው ለባለቤቱም ለእናንተም ነው።

አገር ቤት እኮ የጅቡቲን መስመር የሚነዳ ሹፌር ስንት ጊዜ ረዳት ሆኖ ነው መሪ የሚይዘው! እዚህ አገር የጥቂት ሳምንት ትምህርት ወስዶ 80 ሺህ ፓውንድ ይዞ የኮሎራዶን ተራራ በበረዶ መውረድ አለ። ከአሰልጣኝ ጋር የሚታለፈውን ጊዜ የረዳትነት ጊዜ አድርጉት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 1,300 በ1099 እና 1,200 በደብሊው ቱ ብናወዳድር፣ 100 ዶላር ይበልጣል ብሎ የሚዘል ብዙ ነው። በ1099 ግን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብሩን ሁለቱንም ወገን፣ 15.3 በመቶ፣ ሹፌሩ ነው የሚከፍለው። በደብሊው ቱ ግማሹን አሠሪው ይሸፍናል። ልዩነቱ በሳምንት ከ90 ዶላር በላይ ነው፤ መቶዋ እዚያው አለቀች። በዚያ ላይ ሥራ ላይ ቢጎዳ የጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ አይኖረውም፣ ሥራ ቢያጣ አንኢምፕሎይመንት አይኖረውም፣ ጤና ኢንሹራንሱንም ከኪሱ ይከፍላል። ትራኩ የሌላ፣ ሎዱ የሌላ፣ ሰዓቱን የሚወስነው ሌላ ሆኖ «አንተ ኮንትራክተር ነህ» መባሉ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ሕጉን የጣሰ አመዳደብ ነው።

ሌላው ሰው ጮክ ብሎ የማያወራው የሎግ ጉዳይ ነው። ሕጉ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት፣ ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ ነው የሚለው። አንዳንድ ትንንሽ ካምፓኒ ውስጥ ግን ሰዓታችሁ ሲያልቅ ዲስፓቸሩ «አታስብ፣ እናስተካክለዋለን» ይላል፤ ወይ ኢኤልዲውን ከኋላ ይነካካል፣ ወይ በሌላ ሹፌር ስም ያስገባችኋል። ቢያዝ ፍተሻው የሚመዘገበው በእናንተ ስም ነው። እንቅልፍ ወስዷችሁ ሰው ብትገጩ ደግሞ ፍርድ ቤት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ሰዓቴ አልቋል ብሎ እምቢ ያለን ሹፌር ማስገደድም ሆነ ማባረር በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። የተባረረ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ለኦሻ ማመልከት ይችላል። ይህን የሚያውቀው ሹፌር ጥቂት ነው።

ትልቁስ? ትልቁ ካምፓኒ በሰው የማይጨነቀው ሰው ስለሚተካለት ነው። በትልልቆቹ ዘንድ ዓመታዊ የሹፌር መልቀቅ ለብዙ ዓመታት ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ሲመዘገብ ኖሯል። ትምህርቱን «በነፃ» ካስተማራችሁ ውሉን አንብቡ፤ ከዓመት በፊት ከለቀቃችሁ ስንት ትከፍላላችሁ? ካባረሯችሁስ? የምትከፈሉት በማይል ከሆነ ማይሉ የሚቆጠረው በነዳችሁት ነው ወይስ ከዚፕ ኮድ ወደ ዚፕ ኮድ? መጋዘን በር ላይ አምስት ሰዓት ስትጠብቁ ይከፈላችኋል ወይ? ከስቴት ስቴት የሚነዳ ሹፌር በፌዴራል ሕግ የኦቨርታይም መብት የለውም፤ ስለዚህ ውሉ ውስጥ ያልተጻፈ ጥበቃ ነፃ ጉልበት ነው።

ከሁሉ የምንፈራው ግን ሊዝ ፐርቸስ የሚባለውን ነው። ስልጠናው እንዳለቀ «ለምን የራስህ ትራክ አይኖርህም?» ይሏችኋል። ዶሚኒክ ኦሊቬራ የተባለ ሹፌር ፕራይም ካምፓኒን ከሶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። በስልጠና 10 ሺህ ማይል ያለ ክፍያ ነድቷል፣ ከዚያ ኮንትራክተር ነህ ተብሎ ትራኩን ከዚያው ካምፓኒ ተከራየ፣ ከደሞዙ ላይ የኪራዩም የነዳጁም ይቆረጥ ጀመር። ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2019 ስምንት ለዜሮ ፈረደለት፤ ካምፓኒው በኋላ በ28 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የፌዴራል መንግሥቱ ያቋቋመው የትራክ ሊዝ ግብረ ኃይልም በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለው ውል ጭራሹን ይከልከል ብሏል። እስካሁን አልተከለከለም። የመጀመሪያ ዓመት ሹፌር እጁን ባያስገባበት ይሻለዋል፤ የእኛ አቋም ይህ ነው።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። «የሰውዬውን ዩኤስ ዶት ቁጥር ላክልንና ሴፈር ላይ እንየው» አልነው። ሴፈር የመንግሥት ድረ ገጽ ነው፣ በነፃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካምፓኒው ስንት ትራክ እንዳለው፣ ባለፉት 24 ወራት ስንት ጊዜ እንደተፈተሸ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ከመንገድ እንደወጣ፣ አደጋም ካለ ያሳያል፤ ከአገር አቀፉ አማካይ ጋርም ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል። ልጁ የመለሰልን «እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው?» ነው። ሰውዬው ለካ እዚህ ሲመጣ ቤት ያገኙለት፣ የቤተ ክርስቲያን አባቱ የሚያህሉ ሰው ናቸው። ይሉኝታው ይገባናል። የእኛም አሠሪዎች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ሹፌራቸውን በደብሊው ቱ ቀጥረው፣ ትራኩን በጊዜው አሠርተው፣ ሰዓቱን አክብረው የሚሠሩ እናውቃለን። እንደዚያ ያለ ሰው ቁጥሩን ቢጠየቅ አይቀየምም፤ ትራኩ በር ላይ የተለጠፈ ቁጥር ነው።

በነገራችን ላይ መጠየቁ ከከበደው፣ መኪና ማቆሚያው ጋ ሄዶ ከበሩ ላይ ማንበብ ይችላል። ይህንንም ነግረነዋል። ቁጥሩን ሲልክልን አብረን እናየዋለን፤ እስከዚያው ሰኞ ቁልፍ እንዳይቀበል ለምነነዋል።